ውኃው እስኪመጣ፦ የቲቸር መዳፍ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን፣ እናታችንና መምህርታችን ከቧንቧ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ብዙ ተከራይ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ከጀርባ በኩል የምትገኝ አንዲት ክፍል ነበረች። መስኮቷ ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ይገጥመዋል፤ በሯ ላይ የእናታቸው ሳፋ ተደግፎ ይውላል። አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት ቧንቧ ሲዘረጉ ኖረው በራሳቸው ቤት ግን አንዲት ጠብታ ሳይስቡ አለፉ። በግቢው መሀል የነበረችው ቧንቧ የአከራይዋ ስትሆን ቁልፏም ከአከራይዋ አንገት አይወርድም ነበር። አባታቸው በዚህ ነገር ራሳቸው ላይ መቀለድ ይወዱ ነበር። «ውኃን ወደ ሰው ቤት የምመራት እኔ ነኝ፤ እኔን ስታይ ግን መንገድ ትቀይራለች» ይሉ ነበር።

ከትምህርት ቤት መልስ ቦኖ ሄዶ ወረፋ መያዝ የእሳቸው ድርሻ ነበር። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ጀሪካን ለመሸከም አቅም ስላልነበረው አብሯቸው የሚሄደው ለወሬ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ወረፋ አልፈው ሊቀዱ ሲሉ እኅታችን የራሳቸው ጀሪካን ላይ ቁጭ ብለው «ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔን ከነጀሪካኔ ያንሡኝ፣ ከዚያ ይቅዱ» አሏቸው። ሰውየው ሳቃቸው መጣና ወደ ኋላ ተመለሱ። የእኅታችን ቁመት ከጀሪካኑ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ አንደበታቸው ግን ያኔም ሙሉ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ትምህርት ጀምረው የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። እናታቸው ልጃቸው ነርስ እንድትሆንላቸው ይመኙ ነበር። እጃቸው በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ሳለ ማታ ማታ ቅባት እየተቀቡ «ቆሻሻ በዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ እኮ ማን ይታመም ነበር? እኔ የምፈራው የማላየውን ነው» ይሉ ነበር። እኅታችን ነርስ አልሆኑም። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1969 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በዓመቱም የሳይንስ መምህርት ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባገለገሉበት ትምህርት ቤት ተመደቡ። የእናታቸውን አነጋገር ግን ይዘውት ሄዱ፤ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ሁልጊዜ የሚከፍቱት በእሱ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዝናብ ሲመጣ መምህርም ተማሪም ዝም የሚልበት ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ከክፍሎቹ ጀርባ ነው፤ በር አልነበረውም። ትልልቆቹ ሴት ልጆች አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላዋን ዘርግታ ትጋርዳታለች። በ1974 ዓ.ም. የተሰባበሩ ዴስኮች ሊጠግን የመጣ አናጢ ይህን አይቶ ሳይጠየቅና ሳይከፈለው ከትርፍራፊ ጣውላ በር ሠርቶ ገጠመ። እኅታችን ሊያመሰግኑት ዳቦና ሻይ ይዘው መጡ። እሱ እጁን ወደ ዳቦው ሲሰድ «ቆይ፣ መጀመሪያ መዳፍህን» አሉት። እጁን አገላብጠው አይተው፣ ጥፍሩን አይተው፣ አስታጥበውት ነው ያበሉት። በዚያው ዓመት ተጋቡ። ባለቤታቸው እስኪሞቱ ድረስ «ሌላው ሰው ደመወዙ ታይቶ ይዳራል፤ እኔ የተዳርኩት ጥፍሬ ታይቶ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር። በሩን ሌባ ለማገዶ ነቅሎ ወሰደው፤ ባለቤታቸው ደግመው ሠሩ፤ ደግሞ ተወሰደ። አንድ ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳድገዋል።

በ1984 ዓ.ም. ለመምህራን በውኃ፣ በመጸዳጃ ቤትና በንጽሕና አጠባበቅ ላይ ሥልጠና ሲሰጥ ትምህርት ቤቱን ወክለው የተላኩት እሳቸው ነበሩ። ከሥልጠናው የተመለሱበትን ቀን ቤተሰቡ አይረሳውም። ኮፍያ አድርገው፣ ቲሸርት ለብሰው፣ ገና ከበር ሳይገቡ ሁላችንንም አሰልፈው እጅ አስተጣጠብ አስተማሩን። ባለቤታቸው «ይህን ያህል ዘመን ስታጠብ የኖርኩት ምንድን ነበር?» ሲሉ «ማርጠብ ነበር» ብለው መለሱላቸው። ልጅ በተቅማጥ ምክንያት ከትምህርት ገበታው ሲቀር፣ አልፎም ሲሞት፣ ሰው ሁሉ የዕድል ጉዳይ ያደርገው በነበረበት ጊዜ እሳቸው የሚያምኑት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቹ በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሕይወታቸው ጉዳይ ይኸው ሆነ።

በዚያው ዓመት በትምህርት ቤቱ የእጅ መታጠቢያ ተሠራ። ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ፣ በላዩ የተደረደሩ ቧንቧዎች፣ ከኋላው ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ። በምረቃው ቀን ከጀርባ በርሜል ተሰቅሎ፣ ውኃ በመኪና መጥቶ ተሞላ። ኃላፊዎች ሪባን ቆርጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። የመጨረሻው መኪና ከግቢው ሲወጣ በርሜሉም አለቀ። ዋናው መስመር በሚቀጥለው ወር ይቀጠላል ተባለ። በቤታችን «የሚቀጥለው ወር» የሚባል የቀልድ ወር የተፈጠረው ያኔ ነው፤ ታናሽ ወንድማቸው የተበደረውን የሚመልሰው፣ ልጃቸው ክፍሉን የሚያጸዳው፣ ሁሉም በሚቀጥለው ወር ነበር።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር በቅን ልቡና ያደረጉት ነበር። ውኃው እስኪመጣ ልጆቹ ቢያንስ እንቅስቃሴውን ይልመዱ አሉ። በየጠዋቱ ተማሪውን በደረቁ ገንዳ ፊት አሰልፈው በባዶ እጅ ያለማምዱ ጀመር። መዳፍ ከመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሀል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር፣ አንጓ። ከዚያ እሳቸው «መዳፍ!» ሲሉ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን አንሥተው «ንጹሕ!» ይላሉ። ቲቸር መዳፍ የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ልጅ ጤና ይስጥልኝ ከማለቱ በፊት ሁለት መዳፉን ይዘረጋላቸው ነበር፤ እሳቸውም በቁም ነገር ጎንበስ ብለው ያዩለት ነበር።

ልምምዱ እጅግ ያምር ነበር። ያን ሁሉ ሕፃን በአንድ ምት እጁን ሲያሽ ያየ ሰው ሳይስቅና ሳይደሰት አይሄድም። እንግዶች መጡ፣ ካሜራ መጣ፣ ሽልማት መጣ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራኖቻቸውን እየላኩ ከእሳቸው ተማሩ፤ ውኃ የሌለው ሁሉ እንዲህ አድርጎ ማስተማር ያዘ። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ያን ደስታቸውን አሁን ስናስበው ያመናል። ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቧንቧ መስመር ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሲዳረስ የእሳቸው ታለፈ። የውኃ ሥራው ኃላፊ ቢሮ ድረስ ሄደው ጠየቁ።

«እናንተማ ደርሷችኋል። ልጆቻችሁ ሲታጠቡ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ» አሏቸው ኃላፊው። «ምንም ለሌላቸው እናዳርስ እንጂ።»

«ጌታዬ፣ ያዩት አየር ሲያሹ ነው። ውኃ አልነበረም።»

ኃላፊው ከልባቸው ሳቁ። «በአየር እንዲህ ከሠራችሁ በውኃ ምን ልትሆኑ ነው!» ብለው ጨብጠው ሸኟቸው። እኅታችን ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ምን ሆንሽ ሲሏቸው «በገዛ እጄ» ብቻ አሉ።

በ1991 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ አጣዳፊ ተቅማጥ ገባ። ክፍሎች ባዶ ሆኑ። በየጠዋቱ ከፊት ቆማ ልምምዱን የምትመራ፣ ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ድምጿ ከሁሉ የሚሰማ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ እኅታችን እንደ ልጃቸው ይወዷት ነበር። ሁለት ቀን ታማ ሞተች። ለቅሶ ሲደርሱ እናቲቱ ተነሥታ አቀፈቻቸው።

«ልጄ እኮ ትታጠብ ነበር፣ ቲቸር» አለቻቸው። «አንድም ቀን አስቀርታ አታውቅም። እርስዎ ያስተማሯትን ለእኔም ታሳየኝ ነበር። እንዲህ፣ እንዲህ እያደረገች።» ይህን እያለች ደረቅ እጇን በፊታቸው አሸች፤ ጥፍሩንም አንጓውንም አልዘለለችም።

እኅታችን ከዚያን ቀን በኋላ ልምምዱን አልመሩም። ርእሰ መምህሩ ጠርተዋቸው «ቲቸር፣ ስንት ዓመት የለፉበትን ነገር በአንድ ቀን ሊያፈርሱት ነው? እንግዶች ይመጣሉ እኮ» ሲሏቸው «ይምጡ፤ ሲመጡ ግን ውኃ ይዘው ይምጡ» አሉ። ሥራው ለሌላ መምህር ተሰጠ፤ ልምምዱም እንደ ወትሮው ቀጠለ። እሳቸው ወደ መጻሕፍት ክፍል ተዛወሩ። የክፍሉ መስኮት የሚያየው በቀጥታ ገንዳውን ነበር። በየጠዋቱ «መዳፍ!» ሲባል «ንጹሕ!» የሚለው የልጆች ጩኸት በመስኮቱ ይገባል፤ እሳቸው ያኔ መስኮቱን ዘግተው መጻሕፍት ያራግፋሉ።

እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም። ባለቤታቸው በሠሩላቸው ጋሪ ከቦኖ ውኃ እያስመጡ ለአንድ ክፍል ልጆች እንኳ ለማድረስ ሞከሩ። በመጀመሪያው ቀን ሳሙና አስቀምጠው ጀሪካኑን ሲከፍቱ ልጆቹ ተጋፍተው በመዳፋቸው እየተቀበሉ ጠጡት። ልጆቹ ጠዋት ከየቤታቸው ሲወጡ የሚጠጣ አልነበረም። ቲቸር አልተቆጧቸውም፤ ሳሙናውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ጀሪካኑን ይዘው ቆሙላቸው።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ቀን ውኃ መጣ። ይህን ታሪክ ራሳቸው ሲነግሩን መጀመሪያ እየሳቁ ነበር የሚጀምሩት። ቧንቧዎቹ ሲያፏጩ ከመጻሕፍት ክፍል ሰምተው እንደ ልጅ ሮጠው ወጡ። ልጆቹ ተሰልፈዋል። ከቧንቧው ፊት ቆመው መዳፍ ከመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ ጥፍር፣ አንጓ፤ ሁሉንም አደረጉ፤ «ንጹሕ!» ብለው ጮኹና ወደየክፍላቸው መግባት ጀመሩ። አንድም ልጅ ቧንቧ አልከፈተም። እሳቸው እየሮጡ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፈቷቸው። የቀሩት ልጆች ልብሳችን ረጠበ ብለው ሸሹ። አንዷ ግን ቆማ በግርምት እያየቻቸው «ቲቸር፣ ውኃው ደግሞ ለምንድን ነው?» አለቻቸው። እኅታችን ልጆቹን በውኃ ለማስለመድ እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ፤ ገና ሳይለምዱት ለመንገድ ሥራ የመጡ ቆፋሪዎች መስመሩን በጠሱት። በሚቀጥለው ወር ይጠገናል ተባለ።

ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ውስጥ የሚያስቅ ሰው ጠፋ። እሳቸውም በ2010 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ጡረታ ማለት ዕረፍት የሚመስለው ሰው እሳቸውን አላየም። ከእሳቸው የተማሩ መምህራን ወዳሉባቸው ትምህርት ቤቶች በእግራቸው እየዞሩ ያስተማርኳችሁን ተዉት ይሉ ነበር። «ተሳስቻለሁ። ውኃ ከሌለ አልታጠብንም በሉ፤ ልጁም አልታጠብኩም ብሎ ለእናቱ ይንገር፤ ያኔ ሰው ይጮኻል» ነበር የሚሉት። መምህራኑ ወንበር ያቀርቡላቸዋል፣ ሻይ ያዙላቸዋል፣ ያከብሯቸዋል። «ልጆቹ እኮ ይወዱታል፣ እትዬ፤ ምን ይጎዳል?» ይሏቸዋል። ሻዩን ጠጥተው ሲወጡ ከኋላቸው «መዳፍ!» ሲባል ይሰሙ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መዞሩንም ተዉት። የደከማቸው እግራቸው ነው ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን «እግሬ አይደለም» ብለውናል።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ በሆድ ሕመም ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሞቹ መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤታቸው ይገባሉ ተብሎ ነበር። የተኙበት ክፍል ንጹሕና ብርሃን ያለበት ነው፤ በበሩ አጠገብ ነጭ የእጅ መታጠቢያ አለ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ የቁስላቸውን ጨርቅ ልትቀይር አንዲት ነርስ ገባች። አይታቸው ፊቷ በራ።

«ቲቸር መዳፍ! እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ተማሪዎ ነኝ! እኔን አላወቁኝም?»

«እንዴት አላውቅሽም፣ ልጄ» አሏት፤ ባያስታውሷትም። እናታቸው የተመኙላቸውን ነጭ ልብስ ተማሪያቸው ለብሳው ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ፈገግ ብለው ትክ ብለው አዩአት።

ነርሷ ወደ መታጠቢያው ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ነፋስ ብቻ ወጣ።

«የለም እንዴ?» አሏት።

«ከሰሞኑ ጠፍቷል፣ ቲቸር። ጓንቱም አልቆብናል። በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል ብለውናል።» ከዚያ እየሳቀች ከአልጋቸው አጠገብ ቆመችና እንደ ልጅነቷ አሸች። መዳፍ ከመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሀል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር፣ አንጓ። ሁለት መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው። «ንጹሕ!» አለች።

እኅታችን እጆቿን ለረጅም ጊዜ አዩ። «ቆንጆ አድርጌ ነው ያስተማርኩሽ» አሏት። ነርሷ ተመስግና ደስ ብሏት የቁስሉን ጨርቅ ፈታች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸው እንባቸውን ያየችው በዚያን ጊዜ ነው።

ቁስሉ አመረቀዘ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ሳይለዩዋቸው፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

የሆስፒታሉን ነገር እዚህ መጻፍ አለመጻፉ ቤተሰቡን አከራክሯል። ይህ የተጻፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በሽታው ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ቤታችን ለቅሶ የደረሰችው ነርስ ነገሩን ከልጃቸው ከሰማች በኋላ ብዙ አልቅሳ «ጻፉት» ብላናለች። እሷም ዛሬ ከእኛ ጋር ቆማለች። እንደ ልጃችን ነው የምናያት።

እኅታችን ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን እንዲሁም ቁጥራቸው የማይታወቅ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ለእኛ እናትም ሆነው አሳድገውናል፤ ከእሳቸው በኋላ ቤታችን ባዶ ነው፤ ይህን በሌላ ቃል ማሳመር አንችልም። በልፋታቸው የተለወጠ ነገር አለ ብለን በዚህ ወረቀት ላይ ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር፤ ውሸት ግን አይወዱም ነበር። ገንዳው ዛሬም ደረቅ ነው፤ ልጆቹ ዛሬ ጠዋትም በፊቱ ተሰልፈው ነበር።

ንግግር እያቃታቸው በመጣባቸው ቀናት አንድ ነገር አዘዋል። «ለለቅሶዬ የሚመጣ ሰው በባዶ እጁ አየር እንዳያሽብኝ። በሩ ላይ ውኃና ሳሙና አስቀምጡልኝ» ብለዋል። በዚሁ መሠረት ወንድ ልጃቸው ከሥርዓተ ቀብሩ በኋላ ለምትመጡ ሁሉ በቤታቸው በር ላይ በርሜል አስቀምጧል። ሳሙናውም ተዘጋጅቷል። ይህ ጽሑፍ እስከ ታተመበት ሰዓት ድረስ ውኃው አልመጣም።

ፈጣሪ ውኃ በማይቋረጥበት ቦታ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።